የወይራው ክኒን ያልተላከበት ምክንያት

ለወንድሜ፣ ለጋሼ፣

እንደምን ከረሙልኝ? ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ትከሻዎ፣ ያ ወቅት የማይመርጥ ሳልዎ እንዴት አደረገዎት? እንቅልፍ ይወስድዎታል? ምግብስ ይስማማዎታል? እትዬ እንዴት ናቸው፣ ያ የሚያስቸግራቸው ጥርስ ተነቀለ ወይስ ዛሬም ነገ እያሉ ነው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ስለ እግርዎ ገና አልጠየቅኩም። የረሳሁት እንዳይመስልዎት፤ እደርስበታለሁ።

እኔ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ሥራውም ቤቱም እንደነበረ ነው። ናፍቆቱም እንደነበረ ነው፤ ስለለመድኩት ብዙ አላወራውም።

ይህን በደብዳቤ የምጽፈው በስልክ ስላልቻልኩዎት ነው። እግርዎ እንዴት ሆነ ስል ስለ ዝናብ ያነሣሉ። ሐኪሙ ምን አለ ስል፣ መስመሩ ይቆራረጣል ይሉና ስልኩን ለልጅ ይሰጡብኛል። ደብዳቤ አይቆራረጥም። መነጽርዎን ያድርጉና ራስዎ ያንብቡት፤ ለልጆቹ አያስነብቡ፣ አንዳንዱ ቦታ ልጅ ፊት የሚነበብ አይደለም።

እትዬ ለእሱ እንዳትነግሪው ብለው አደራ ያሉኝ ነገር አለ። አደራ በላ ልሁንና እነግርዎታለሁ። የጭንዎ አጥንት ገጥሟል፣ ይነሡ ይራመዱ ከተባሉ ወዲህ፣ ጥቂት ሞክረው ትተውታል አሉኝ። ለምን ሲባሉ፣ እህቴ የወይራ ክኒን ልትልክልኝ ነው፣ እሱ ሲመጣ እጀምራለሁ፣ አሁን በባዶ ጡንቻ ምን አታገለኝ ይላሉ አሉኝ። ፊዚዮቴራፒ የሚሠራልዎት ሰውዬ ደግሞ ሲወጣ እትዬን ከበር ጠርቶ፣ እንዲህ ከተኙ ጡንቻው እየሟሸሸ፣ ጉልበትዎም እየታሰረ እንደሚሄድ፣ ከዚያ ወዲያ ማስነሣቱ ለእሱም ከባድ እንደሆነ ነግሯቸዋል። እሳቸው እንዳይከፉባቸው ብለው ደበቁዎት። እኔ ቢከፉብኝ ይሻለኛል።

ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው፣ ጋሼ። ላሟን ያወራሁልዎት እኔ ስለሆንኩ፣ ከሰማይ ማውረዱም የእኔ ሥራ ነው። ስለዚህ የወይራውን ነገር ከሥሩ ልንገርዎት።

እንደሚያውቁት የምሠራው የሆስፒታል አንሶላ በሚታጠብበት ቤት ነው። ከእኔ ጋር አንሶላ የምታጥፈው የአገራችን ልጅ ናት፤ ካውያ ነው የምንላት። ስትተኩስ ስለምትውል ብቻ አይደለም፣ ምላሷም የነካውን ስለሚያቃጥል ነው። አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። እሷ በአንድ ጫፍ እኔ በሌላው እንይዝና እንወጥራለን፣ ተጠጋግተን እንገጥማለን፣ እንደገና ወደኋላ። ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት የምንተያይ ሰዎች ስለሆንን በመካከላችን የሚደበቅ ነገር የለም፤ የማታ እራቷን ሳይቀር ጠዋት ሳጥፍ እሰማለሁ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቀጠን ያለች ወጣት ዶክተር መጣችብን። ሰው በስፖርት ሲሠለጥን ከወይራ የሚወጣ ነገር ለጡንቻው ምን እንደሚያደርግለት አጠናለሁ፣ ስፖርት የማያውቁ ጎልማሶች እፈልጋለሁ አለች። ካውያ ቀበል አድርጋ፣ ስፖርት የማያውቁ ማለት እኛ ነን? ይህን ሁሉ ጋሪ የሚገፋው ታዲያ ማን ነው? አለቻት። ዶክተሯ ፊቷ ቀልቶ፣ ጋሪ መግፋት ሌላ ነው ብላ ልታስረዳ ስትጀምር እኛ ሁላችን ስቀን ነበር። እኔ ግን ወዲያው የታየኝ የእርስዎ እግር ነው። ያኔ ገና በጄሶ ተጠቅልሎ ነበር። በራሴ እግር ልሞክረውና ከበጀኝ ለጋሼ እልክለታለሁ ብዬ ተመዘገብኩ። ካውያም ብቻሽን አትሄጂም ብላ ተከተለችኝ።

ዶክተሯ ያስረዳችንን እኔ እንደገባኝ ልንገርዎት። ጡንቻችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ምድጃዎች አሉ፤ ስኳሩም ስቡም የሚነደው እዚያ ነው። ሰው እግሩን ሲያሠራ ምድጃዎቹ ይበዛሉ፣ ሲተኛ ይቀንሳሉ። ታዲያ ምድጃ ጢስ አያጣም። ፖሊፊኖል የሚሉት የወይራው መራራ ነገር ጢሱን ይቀንሳል፣ ምድጃውንም ያግዛል ብለው የሚያምኑ አሉ። የለም፣ ጡንቻው አዲስ ምድጃ እንዲሠራ የሚቀሰቅሰው ያው ጢስ ስለሆነ፣ ጢሱን ካጠፋችሁት ሥልጠናውን ታከሽፉታላችሁ የሚሉም አሉ። ካውያ፣ ታዲያ የትኛው ነው እውነቱ ስትላት፣ ባውቀው ኖሮ እናንተን ምን አስቸገረኝ አለች። ይህን መልስ ወደድኩላት።

የሥልጠናው ክፍል ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም። ብስክሌቶቹ ወደ ግድግዳ ዞረው በረድፍ ተተክለዋል፤ ቢረግጧቸው ቢረግጧቸው ንቅንቅ አይሉም። ካውያ መጀመሪያ ቀን፣ ይህን ያህል ረግጬ ቤቴ ካልደረስኩ ምን ይረባኛል ብላ አሠልጣኙን አስቃዋለች። አፍና አፍንጫችንን ጭምብል ያደርጉና ትንፋሻችንን ይለካሉ፤ ሰውነታችን ስኳር እያነደደ ይሁን ስብ ከትንፋሹ ያውቁታል። ደም ይወስዳሉ፣ ሽንት ይወስዳሉ። ይባስ ብለው ጭናችንን አደንዝዘው በመርፌ የሩዝ ፍሬ የምታህል ሥጋ ወሰዱልን። በማግስቱ ጋሪውን እያነከስኩ ስገፋ እርስዎ ትዝ አሉኝ። የእኔ የአንድ ቀን እንዲህ ከሆነ ብዬ አሰብኩ።

ክኒኑን በተመለከተ ሕጉ እንዲህ ነው። ግማሾቻችን የወይራውን እንውጣለን፣ ግማሾቻችን መልኩ አንድ የሆነ ግን ውስጡ ዱቄት የሆነ እንውጣለን። ለማን የትኛው እንደደረሰ እኛም አናውቅም፣ ዶክተሯም አታውቅም፤ የሚያውቀው ላቦራቶሪ ያለ ሌላ ሰው ነው። ዕጣ ነው እንግዲህ። ለየራሳችን ብልቃጥ ሰጥታን፣ ለማንም እንዳትሰጡ ብላ አስጠነቀቀችን።

ብዙም ሳይቆይ እግሬ ቀለለኝ። የልብስ ማጠቢያውን ደረጃ በአንድ ትንፋሽ መውጣት ጀመርኩ። ያን ጊዜ ነው በስልክ የደነፋሁልዎት። ጋሼ፣ ይሄ ክኒን ተአምር ነው፣ ትንሽ ይታገሡኝና እልክልዎታለሁ ያልኩት። በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ጉድ የፈላው። አንድ ቀን አንሶላ ወጥረን ሳለ ካውያ ቆም አለች። ከሁለታችን አንዳችን ዱቄት ስትውጥ ነው የከረመችው፣ መርፌው ግን ለሁለታችንም እኩል ነው የገባው፣ ይሄ ፍርድ ነው? አለች። እኔም ሳስበው ከነከነኝ። ዱቄቱ ለእኔ ደርሶኝ ቢሆንስ? ለእርስዎ ምን ልልክ ነው? ወይራው ለእኔ ደርሶ እሷ ዱቄት ስትውጥ ከርማ ቢሆንስ በምን ዓይኔ አያታለሁ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ተብሎ ያደገ ሰው ይህን እንዴት ይችለዋል። ንጹሕ ፎጣ አነጠፍን፣ ሁለቱን ብልቃጥ ገለበጥን፣ እንደ ጥሬ ቀላቀልን፣ እኩል ተካፈልን። ለሰው እንዳትሰጡ ተብለን የለም ወይ ብላት፣ መቼ ሰጠን፣ ተካፈልን እንጂ አለችኝ። አዲስ ብልቃጥ በተሰጠን ቁጥር እንዲሁ አደረግን። እውነቴን ነው የምልዎት፣ አንድም ቀን ስርቆት ወይም ተንኮል መስሎ አልታየንም። እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ተዋደድን።

ሽንት ግን ይሉኝታ አያውቅም። ሥልጠናው አልቆ ሁሉም ሲመረመር፣ ዱቄት ከሚውጡት አንዷ ውስጥ የወይራ ምልክት ተገኘ፤ ወይራ ከሚውጡት አንዷ ውስጥ ደግሞ ምልክቱ አንሶ ተገኘ። ሁለቱ ሴቶች አንድ ቦታ እንደሚሠሩ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ዶክተሯ ጠባብ ክፍሏ ውስጥ አስቀመጠችን። ካውያ ሁሉንም እንደ ወረደ ነገረቻት፤ ፎጣው ንጹሕ እንደነበር ሳይቀር። ዶክተሯ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ መነጽሯን አወለቀች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። አልተቆጣችንም፤ ብትቆጣን በወደድኩ። ያን ሁሉ የረገጣችሁትን፣ ያን ሁሉ መርፌ፣ ከቁጥር ላወጣው ነው፤ ግማሽ ግማሽ የዋጠ ሰው ለማንኛውም ወገን ምስክር አይሆንም አለችን። ያኔ ካውያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀዘቀዘች። እኔም የሠራነው ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። አንዳችን እንዳትጎድል ብለን እውነቱን አጎደልነው።

ለማን ወይራው ደርሶ እንደነበር ጠየቅናት። ነገረችን። ለእርስዎ ግን አልነግርዎትም፤ ከነገርኩዎት ሌላ ምክንያት ያበጁበታል።

ከዚያ ስለ እርስዎ ጠየቅኳት። ጭኑ የተሰበረ ወንድም አለኝ፣ አጥንቱ ገጥሟል፣ ጡንቻው ግን ሟሽሿል፣ ክኒኑን ልላክለት ወይ አልኳት። ይጠቅመዋል ብዬ አልነግርሽም፣ ጥናቱ ገና አላለቀም፣ እኔም አላውቅም አለች። ሌላ የሚወስደው መድኃኒት አለ ወይ ስትለኝ የደም ግፊት ክኒንዎን ነገርኳት፤ እንግዲያውስ የራሱን ሐኪም ሳይጠይቅ ምንም እንዳይጨምር አለችኝ። ቀጥላ የተናገረችውን ደግመው ያንብቡት። ወይራ ውጦ የሠለጠነ ቡድን አለኝ፣ ዱቄት ውጦ የሠለጠነ ቡድን አለኝ፣ ወይራ ውጦ የተኛ ቡድን ግን የለኝም አለች። ለምን የለሽም ብላት፣ ተኝቶ የሚጠነክር እግር እጠብቃለሁ ብዬ ማንን ላስቸግር አለችኝ። ያ ቡድን እንግዲህ እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። ክኒኑም ገና ሳይደርስዎት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እርስዎን ማለቴ አይደለም፤ ግን ክኒኑን ይልቀቁት።

የእኔ እግር ጠንክሯል፣ ይህ ውሸት አይደለም። ስጀምር እታገለው የነበረውን የብስክሌት ክብደት አሁን እያወራሁ እረግጠዋለሁ። ካውያም እንዲሁ ናት። ክኒኑ ያደረገው ይሁን አይሁን ከእንግዲህ ማንም ሊነግረን አይችልም። አንድ ነገር ግን በደንብ አውቃለሁ። ክኒኑን ተካፈልን እንጂ ብስክሌቱን አልተካፈልንም። ስደክም ካውያ ልትረግጥልኝ አልቻለችም፣ እሷ ስታለከልክ እኔ ልረግጥላት አልቻልኩም፤ ጎን ለጎን ሆነን እየተያየን የየራሳችንን ረገጥን። የእግርን ሥራ ማካፈል ቢቻልማ ኖሮ፣ ጋሼ፣ እርስዎ ተኝተው እኔ እዚህ ቀን ከሌት በረገጥኩልዎት ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አይሰለቸኝም ነበር።

እፈራለሁ። ይህን በስልክ ብናገረው ስለማለቅስ ነው የጻፍኩት። ስመጣ አልጋ ላይ አገኝዎታለሁ ብዬ እፈራለሁ፤ አልጋ ላይ እንዳላገኝዎት ነው የምለምነው። እናታችን ካለፈች በኋላ ከዚያ ከእርስዎ የስፌት መኪና ሥር ቁጭ ብዬ የተቆረጠ ጨርቅ እየለቀምኩ ነው ያደግኩት። ቀና ስል የሚታየኝ የእርስዎ እግር ነበር፤ ፔዳሉን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ። ያ እግር ሲሠራ እራት እንዳለ አውቅ ነበር፣ የትምህርት ቤት ጫማ እንዳለ አውቅ ነበር። ያ እግር እንደገና ሲረግጥ ከማየት ሌላ ከእርስዎ የምፈልገው ምንም የለም።

ፊዚዮቴራፒስቱ የስፌት መኪናውን በመርገጥ ይጀምሩ ብሎዎት ነበር አሉ፤ ቀስ እያሉ፣ ክርም ጨርቅም ባይኖረው። እርስዎ ደግሞ ያለ ጨርቅ መኪና መርገጥ የእብድ ሥራ ነው ብለው መለሱለት። ነገሩ እውነት አለው፤ ልብስ ሰፊ ባዶ መኪና አይረግጥም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የያዘችው መንገደኛ አንድ ጥቅል ትሰጥዎታለች። ሲከፍቱት ክኒን እንዳይፈልጉ፣ የለም። የሱሪ ጨርቅ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ለሥራ የሚሆነኝ። ድሮ የሚያውቁትን ልኬን አይጠቀሙ፤ በዚያ ልክ ከሰፉት ጭኔ አያሳልፈውም፣ ብስክሌቱ ጉድ አድርጎኛል። አዲሱን ልክ በክር ለክቼ ቋጥሬ ከጨርቁ ጋር አስሬዋለሁ፤ ባለ ሁለት ቋጠሮው ጭን ነው፣ ባለ አንዱ ወገብ። በአንድ ቀን ይለቅ አላልኩም። አንድ ቀን አንድ ስፌት፣ ሲያምዎት ይተዉት፣ በማግስቱ ይመለሱበት። ሐኪሙንም ጠይቀው ይሁን።

ለእትዬ እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ። አደራቸውን ስለበላሁ ይቅር ይበሉኝ፤ ጥርሳቸውን ግን ያስነቅሉ፣ ከእርስዎ ተምረው እንዳይሆን የሚያዘገዩት። ለትልቋ፣ ትምህርቷን እንደያዘች ሰምቼ ደስ ብሎኛል፣ አባቷ ስልክ ሲሰጧት አልቀበልም እንድትል አክስትሽ አዝዛለች ይበሉልኝ። ትንሿን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ካውያ ማናት ብላ ከጠየቀች ብረት አይደለችም፣ ሰው ናት ይበሏት። ለአማትዎ ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጣቸው፤ ምርቃታቸው እንዳይለየኝ። ካውያም ሳታውቅዎት ሰላምታዋን ልካለች። አንሶላውን እያጠፈች፣ ለወንድምሽ ተነሥ በይው ብላኛለች፤ እኔ ነኝ ይነሡ ብዬ ያረምኩት።

እትዬን አንድ ነገር ያሳስቡልኝ። እርስዎ አልችልም ቢሉ፣ አዝነው ጨርቁን ለጎረቤቱ ሰፊ እንዳይሰጡብኝ። ጨርቁ እንደ ታጠፈ ይቀመጥ። እኔ ስመጣ ያለ ሱሪ ብቆም ይሻለኛል እንጂ፣ በሌላ ሰው እግር የተሰፋ አልለብስም።

የምትወድዎት እህትዎ

ከልብስ ማጠቢያው ቤት፣ ከምሳ ክፍሉ ጥግ
ኅዳር ፲፪ ቀን